ከዜሮ በፊት

ማላንግ ላይ ዝናቡ ቀጠሮ ያከብራል፤
ስምንት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮ ይመታል።
ከጣራው ጥግ ሆኜ፣ ቁጢጥ ብዬ ተቀምጬ፣
ፒንሳ በጥርሴ፣ ካቻቪቴ ጨብጬ፣
የአባቴን ሞተር ፊቷን ገልጫለሁ፤
ሁለት ቡሎን፣ ሦስት ዳዶ፣ በሰርዲን ጣሳ አኑሬያለሁ።

እሷ ናት ያሳደገችን፤ በግራ ቀኝ ቅርጫት
ቴምፔ በሙዝ ቅጠል፣ ሌሊት ለገበያ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት።
አሁን ግን ፓክ ሱጊማንን ዓይኑን ሞራ ጋርዶት
መርፌዋን ያጣታል፤ መስታወቱ ሆኖበት ወተት።
"ይገፈፋል" ብለዋል፤ ወረፋው መጋቢት።

"እስከዚያ አትነዳም" አልኩት።
"ቴምፔውን ማን ያደርሳል?"
"እኔ።"
"አንቺ ማርሽ ስትቀይሪ ሞተሯ ታለቅሳለች።"
ሦስት ቀን ተኳረፍን። በአራተኛው ታረቅን፦
እኔ ከፊት ልነዳ፣ እሱ ተፈናጦ ከኋላ፣
ፍጥነቷን ግን እሱ ሊያነብ፣ በትከሻዬ ላይ፤ ቁጥሯ ትልቅ ከሆነ፣ ካበራች እንደ ሻማ።

ስለዚህ ገዛሁት፣ አሮጌ ዕቃ ተራ ወርጄ፣
አምስቴ "ሄድኩ" ብዬ፣ አምስቴ ተመልሼ፣ ዋጋውን አዋርጄ።
መመሪያው አንድ ገጽ፣ ፊደሉ ጉንዳን፤
ሥዕሉም የሌላ ሞተር ነው፣ የማናውቀው አካል።

አሥራ አንድ ሽቦ። "ቀይ ለባትሪ" ይላል።
እኛ ቤት ቀይ ምን እንደሆነ አባቴ ብቻ ያውቃል።
ቡናማው፣ በጎርፉ ዓመት የተቀጠለው፣ የበር ደወል ሽቦ ነው፤
አረንጓዴው የጎረቤት ሬዲዮ፣ ጌታው ሲሞት የተነቀለው፤
ፍሬቻዋም በእህቴ የሰርግ መብራት ገመድ ነው የምትጠቅሰው።
ናስትሮውን ስልጥ፣ ከሥሩ ሌላ ናስትሮ፣
ከእሱም ሥር ሌላ። የአባቴ ኑሮ
እንዲህ ነው የቆየው፣ ተቀጥሎ፣ ታስሮ።

ወረቀቱ ደግሞ የጎማዋን ዙሪያ ጠየቀ፤
አባቴ በጠመኔ ጎማና መሬቱን አሰመረ፣ እየሳቀ።
አንድ ዙር ገፋናት፣ ሕፃን እንደሚመራ፣
እሱ የሜትሩን ጫፍ ይዞ፣ እኔ አንብቤ ስጠራ፦
"አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት።"
"ይኸን ሁሉ ዘመን" አለ፣ "እርምጃዋን አላውቀውም ነበር።"

ቁልፉን አዞርኩ። ምንም።
እንደገና። ጭልጭል፣ ድርግም።
የእህቴ ባል ዊግኞ፣ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ ተሰክቶ፣
"መሬት አጥታ ነው" አለ፣ ሄደም ወደ ሻዩ፣ ምንም ሳይነካ፣ ትቶ።
ሻሲውን ፋቅሁት፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ እስኪስቅ፣
ጥቁሩን ሽቦ ወጥሬ አሰርኩት እንዳይላቀቅ፤
ሰማያዊ ብርሃን! ጥፍሬን አየሁት፣ ግራሶውን፣ ጭረቱን።

አሮጌዋን ግን ወዲያው አልነቀልኳትም፤
ጎን ለጎን ዋሉ፣ ለአንድ ቀን፤ ክፋት አልነበረኝም።
የባቱን ዳገት ስንወጣ፣ መርፌዋ ስድሳ ስትል፣
በትከሻዬ ላይ ሰማሁት፣ "ሃምሳ ሁለት" ሲል።

ዝም አለ።
ያሰበውን አውቃለሁ። እኔ የተወለድኩ ሌሊት
ከሱራባያ እዚህ ድረስ፣ በዝናብ፣ መቶ ነዳሁ ይላት
ለነበረችው እንግዳ ሁሉ፣ ለዳቦ ሻጯም፣ ለአክስቴም፣ በየዓመቱ።
ስሌቱን በልቤ ሠራሁት፤ ሰማንያ ሰባት ነው እውነቱ።
አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።
እሱ ግን ቀደመኝ፣ ከነፋሱ መሃል፣
"ቢሆንም ደርሻለሁ" አለ። "ደርሻለሁ።"

ማታ አሮጌዋን ፈታኋት። ስልሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ዘጠኝ።
አዲሷ ዜሮ ትላለች፤ ደፋር ናት፤ አሳፈረችኝ።
የእህቴን የጥፍር ቀለም አምጥቼ፣ ከነዳጅ ጋኑ ሥር
ቁጥሩን ጻፍኩት፤ እሱ ሳይደርቅ ዳሰሰው፣ ተበላሸ የመጨረሻው ቁጥር፤
ዘጠኝ ይሁን ስምንት፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።
"ተይው" አለኝ፣ ጣቱን ሱሪው ላይ እየጠረገ፤
"እሷም እኮ ሁለቴ ሞልታ ዜሮ ብላለች፤ አንቺ አልነበርሽም።"

ጠዋት፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቅርጫቱ ሞልቶ፣
ድምፁ ከኋላዬ፣ አገጩ ትከሻዬ ላይ ተመቻችቶ፣
"ሃያ ሁለት... ሠላሳ... አርባ... አርባ ሦስት፤
ምን አስቸኮለሽ?
ዛሬ የሚወለድ የለም።"